የሚያዝያ 26ቱ ሰው፤ ዶክተር መላኩ በያንና የስደተኛ ቃል ኪዳን

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ወይም ለዚያ ቀን በሚቀርበው ቅዳሜና እሑድ፣ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው የውጭ አገር ከተሞች የአርበኞችን ቀን ለማሰብ መሰብሰብ የተለመደ ነው። አዳራሽ ይከራያል፤ ባንዲራ ይሰቀላል፤ የኅሊና ጸሎት ይደረጋል፤ ቀረርቶና ፉከራ ይሰማል፤ ልጆች ግጥም ያነባሉ። በመጨረሻም የመድረኩ መሪ ተሰብሳቢውን ከመቀመጫው ያስነሣና ቃል ያስገባል። አባቶቻችን ያቆዩልንን አገር አናስደፍርም፣ ደማቸው ከንቱ እንዲቀር አናደርግም፣ ካስፈለገም እንደ እነርሱ እንሞታለን ይባላል። ጭብጨባው ይቀልጣል። ከዚያ ምግብ ይቀርባል፤ ሁሉም ወደየቤቱ፣ በማግስቱም ወደየሥራው ይሄዳል።

እነዚህን በዓላት የሚያዘጋጁ ሰዎች ከዕረፍታቸው ቆርሰው፣ ከኪሳቸው አውጥተው ነውና ሊመሰገኑ እንጂ ሊታሙ አይገባም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ባሕር ተሻግሮ የሚኖር፣ የሌላ አገር መታወቂያ በኪሱ የያዘ፣ ግብሩን ለሌላ መንግሥት የሚከፍል ሰው ለአገሬ እሞታለሁ ብሎ ቃል ሲገባ ምን ማለቱ ነው? እንዲሞት የጠየቀው የለም። ሞት ካልተጠየቀ ደግሞ የተጠየቀው ምንድን ነው? አበው ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብለዋል። ቃል በባህላችን ይህን ያህል ከከበደ፣ ዓመት ጠብቀን የምንገባው ቃል ምን እንደሚያስከፍለን ማወቅ ይገባናል።

ለዚህ ጥያቄ ከዲስኩር ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት የተሻለ መልስ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። ሰውየው ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። የሞቱት ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. ነው፤ የአርበኞች ቀን ዋዜማ መሆኑ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ለበዓሉ ወንበር በምንደረድርበት ቀን ሙት ዓመታቸው ያልፋል ማለት ነው። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ እሳቸው ከመግባቴ በፊት ግን በዚያው ዘመን አገር ቤት ስለተገባ አንድ ቃል ኪዳን ላንሣ፤ ያለዚያ የዶክተር መላኩ ሸክም ክብደቱ አይታይም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን የፋሺስት ጦር ከተማይቱን ያዘ። ሕዝቡ ግራ በተጋባበት በዚያ ወቅት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ምሩቆችና ውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ወደ ምዕራብ ሄደው ነቀምቴ ላይ ተሰባሰቡ። የዚያ ትውልድ ወጣቶች ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች አቃጠሉ። ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር መሠረቱና እንግሊዝ አገር የተማሩትን የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ዓለምወርቅ በየነን መሪያቸው አደረጉ። አሥር አንቀጽ ያለው መተዳደሪያም አወጡ። ሲቪሉ ከወታደሩ በላይ እንዲሆን፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ በሰብአዊነት እንዲያዝ ተስማሙ። ከእነዚህ ጋር አንድ ለእኛ ለስደተኞች ጆሮ የሚከብድ አንቀጽ አለበት። የማኅበሩ አባል አገሩን ጥሎ እንዳይሰደድ ይከለክላል።

እነዚህ ወጣቶች ቃላቸውን በሕይወታቸው ከፈሉ። ራስ እምሩን መሪያቸው አድርገው ከተዋጉ በኋላ በዲሴምበር 1936 በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት ሲመጣ ደግሞ ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ ተረሸኑ። አገሪቱ በብዙ ድካም ያስተማረቻቸው ልጆች በጥቂት ቀን አለቁ። ማንም አርበኛ መሐላ ሲል ሊያስበው የሚገባው ይህን ነው።

እንግዲህ ያ የስደት ክልከላ በነቀምቴ በተጻፈበት ሰሞን፣ በዕድሜም በትምህርትም የእነዚያ ወጣቶች እኩያ የሆኑ አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው አገር ለቀው ነበር። በጥቁር አንበሳ ሚዛን ቢመዘኑ ወደቁ ይባላል። ወድቀው ነበር ወይ? ታሪካቸውን እንይ።

መላኩ በያን በአፕሪል 1900 ወሎ ውስጥ ተወለዱ። ያደጉት ሐረር ሲሆን ከልጅነታቸው ጀምሮ በወጣቱ ተፈሪ መኮንን ቤት አካባቢ ነበሩ። ያ ቅርበት ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው ኖረ። ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆነው ወጣቶችን ለትምህርት ወደ ውጭ መላክ ሲጀምሩ መላኩም ከተላኩት መካከል ነበሩ። በ1921 መጀመሪያ የሄዱት ወደ ሕንድ ነው። እዚያ ብዙ አልቆዩም፤ በተከታዩ ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻገሩ።

ያ ዘመን የዛሬው ዓይነት አልነበረም። ዛሬ በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት ያረፈ አዲስ ሰው ቢያንስ አንድ የአገሩን ልጅ፣ አንድ የእንጀራ ቤት ያገኛል። በ1922 አሜሪካ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። መላኩ የገቡበት መስኪንገም ኮሌጅ በኦሃዮ ግዛት ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኝ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው። በ1928 ከዚያ ተመረቁና ጥቂት ጊዜ እዚያው ኦሃዮ ቆይተው ሕክምና ለማጥናት ወደ ዋሽንግተን ሄዱ፤ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ።

ይህ ምርጫ የሕይወታቸው መታጠፊያ ነው። ሃዋርድ የጥቁር አሜሪካውያን ታላቅ የትምህርት ማዕከል ነው። መላኩ ወደዚያ የሄዱት አውቀው፣ ከጥቁር ሕዝብ ጋር ለመኖር ፈልገው ነበር። በዚያን ጊዜ ከአሜሪካ ጋር ግንኙነት የነበራቸው አንዳንድ ኢትዮጵያውያን ከጥቁር አሜሪካዊው ራቅ ማለትን ይመርጡ ነበር። በጋዜጦችም ኢትዮጵያውያን ጥቁር አይደሉም፣ ራሳቸውንም እንደ ጥቁር አይቆጥሩም የሚል ወሬ ይጻፍ ነበር። ወሬው ያማቸው ነበር። የሰጡት መልስም የሚታይ ነበር። ከጥቁሮች ጋር ተማሩ፤ ከእነርሱ መካከል ኖሩ፤ በ1931ም ኢሊኖይ ግዛት የኢቫንስተን ተወላጅ የሆኑትን ጥቁር አሜሪካዊት ዶርቲ ሃድሊን አገቡ። ወይዘሮ ዶርቲ ከዚያ በኋላ በተሠራው ሥራ ሁሉ ከጎናቸው ያልተለዩ ጓዳቸውም ነበሩ።

ሃዋርድ ውስጥ ሌላም ወዳጅ አገኙ። የአፍሪካን የጥንት ታሪክ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በማስተማር ፈር ቀዳጅ የሆኑት ፕሮፌሰር ሊዮ ሃንስቤሪ እዚያ ነበሩ። በ1934 ሁለቱ ከሌሎች ጋር ሆነው የኢትዮጵያ ምርምር ምክር ቤት የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ዓላማው ስለ ኢትዮጵያ ታሪክና ሁኔታ ትክክለኛ መረጃ ለአሜሪካ ሕዝብ ማቅረብ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የወልወል ግጭት ተነሣ፤ ጦርነት መምጣቱ ለሚያስተውል ሁሉ ታየ።

መላኩ በ1935 በሐኪምነት ተመረቁ። ይህን ቅደም ተከተል ልብ እንበል። አሥራ ሦስት ዓመት አሜሪካ ኖረዋል፤ ባለትዳርና የልጅ አባት ናቸው፤ በእጃቸው ገና ትኩስ የሕክምና ዲፕሎማ አለ፤ አገራቸው ልትወረር ነው። ያደረጉት ነገር ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ መመለስ ነው። ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብለው ደረሱ ማለት ነው። አዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካውያን ሚሲዮን ሆስፒታል ሠሩ፤ ከዚያም ወደ ኦጋዴን ግንባር ወረዱ፤ በኋላም በንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ በሐኪምነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ።

የጥቁር አሜሪካውያንንም ባለሙያዎች ለኢትዮጵያ ይመለምሉ ነበር። በጣም የታወቁት አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ናቸው። የኢትዮጵያን ትንሽ አየር ኃይል በአዛዥነት የመሩት እኚህ ሰው ናቸው። በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች ለመዝመት ቢመዘገቡም የአሜሪካ ሕግ ዜጎች በሌላ አገር ጦር ውስጥ እንዳይገቡ ይከለክል ስለነበር ሳይሄዱ ቀሩ። መላኩን በዚህ አደንቃቸዋለሁ። ሰው ሲጠሩ መጀመሪያ ራሳቸው ሄደዋል።

ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ቀን የሆነው ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ ዶክተር መላኩም ተከትለው እንግሊዝ ገቡ። ጁን 30 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርበው አቤት አሉ፤ ማኅበሩም አዝኖ ማዕቀቡን አነሣ። ገንዘብ አልነበረም፤ ወዳጅ መንግሥት አልነበረም፤ በሱዳን፣ በኬንያ፣ በጅቡቲና በኢየሩሳሌም የተበተኑ ስደተኞች ግን ነበሩ። ያን በጋ የሃርለም ጥቁር መሪዎች መልእክተኞች እንግሊዝ ድረስ መጥተው ንጉሠ ነገሥቱን አነጋገሩ። እርዳታ የሚያሰባስብና በታማኝነት የሚወከል ኢትዮጵያዊ እንዲሰጧቸው ጠየቁ። የተመረጡት ዶክተር መላኩ ነበሩ። በሴፕቴምበር 1936 ከባለቤታቸውና ከትንሽ ልጃቸው ጋር ኒው ዮርክ ወረዱ።

የንጉሠ ነገሥቱ ልዩ መልእክተኛ የሆኑትን ሰው አንድ ሆቴል በቀለማቸው ምክንያት አላሳድርም ብሎ መለሳቸው። ሃርለም ግን በክብር ተቀበለቻቸው፤ ሮክላንድ ፓላስ በሚባለው ትልቅ አዳራሽ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሰማቸው። የሚቀጥለውን ሦስት ዓመት ተኩል የኖሩት እዚያ ነው።

ሥራው ምን ይመስል ነበር? ከጀግንነት ይልቅ ከጽሕፈት ቤት ሥራ ጋር ይመሳሰላል። በጃኑዋሪ 1937 የኢትዮጵያ ድምፅ የሚባል ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ጋዜጣ ማለት ጽሑፍ፣ ማረሚያ፣ የማተሚያ ሂሳብ፣ አከፋፋይ፣ ያልተከፈለ ዕዳ ማለት ነው። ከአንድ ወር በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ሲፈጸም ፋሺስቶች ወሬውን ለማፈን ሞከሩ። እንዲህ ያለ ጋዜጣ ዋጋው የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ኦገስት 25 ቀን 1937 የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን የተባለው ድርጅት ኒው ዮርክ ውስጥ ተመሠረተ። ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ ስም ገንዘብ የሚሰበስቡ ቡድኖች ብዙ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ቅኖች፣ አንዳንዶቹ ለራሳቸው የሚሠሩ፣ አንዳንዶቹም ለፖለቲካ ፓርቲያቸው የሚጎትቱ። ዶክተር መላኩ ይህን ዝብርቅርቅ ወደ አንድ አመጡት። ፌዴሬሽኑ በየከተማው ቁጥር ያለው ቅርንጫፍ እያቋቋመ ሄደ። እስከ 1940 ድረስ ከሃያ በላይ ቅርንጫፎች በአሜሪካ፣ በላቲን አሜሪካና በካሪቢያን ደሴቶች ተከፍተዋል። የጃማይካዋ ኪንግስተንም አሥራ ሰባተኛው የሚባለውን ቅርንጫፍ አገኘች።

አባላቱ እነማን ነበሩ? የቤት ሠራተኞች፣ አሳላፊዎች፣ የባቡር ጣቢያ ተሸካሚዎች፣ ቄሶች፣ አስተማሪዎች። ዘመኑ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ነው፤ ሃርለም ውስጥ ሥራ አጥነቱ ከሌላው የከተማው ክፍል ይብስ ነበር። ከእንዲህ ያለ ኪስ የሚወጣው ሳንቲም ነው። የተሰበሰበው ገንዘብ ጦር የሚያስታጥቅ አልነበረም፤ ለስደተኞች መደጎሚያ የሚሆን ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ግን ሸክሙን ተካፍለው ተሸከሙት። እነዚህ ሰዎች ኢትዮጵያን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። አያቶቻቸው ከየትኛው የአፍሪካ ክፍል ተሸጠው እንደመጡ አያውቁም። ኢትዮጵያ ለእነርሱ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠራች፣ አድዋ ላይ ያልተንበረከከች ስም ነበረች። ለዚያች ስም ስብሰባ ቆመው ቃል ገቡ፤ በሳምንቱ ደግሞ መዋጮ ከፈሉ። የቃል ኪዳናቸው ማረጋገጫ ደረሰኝ ነበር።

ዶክተር መላኩ የያዙት ሥራ በሁለት በኩል ፈተና ነበረበት። በአንድ በኩል ወራሪው ጥቁሮችን ለማስቀየም ኢትዮጵያውያን ይንቋችኋል ብሎ ያስወራ ነበር። እንደ ማርከስ ጋርቬይ ያሉ ትልቅ የጥቁር ሕዝብ መሪም በ1936ና በ1937 ንጉሠ ነገሥቱን በጽሑፍ ክፉኛ ነቅፈዋል። በሌላ በኩል ቀለምን ማንሣት ነጭ ወዳጆችን ያርቅብናል የሚሉ ነበሩ። ዶክተር መላኩ በ1939 ባሳተሙት የጥቁር ሕዝቦች ጉዞ በተባለ ትንሽ መጽሐፍ አቋማቸውን ግልጽ አደረጉ። የኢትዮጵያ ነፃነትና የጥቁር ሕዝብ ነፃነት አንድ ጉዳይ ነው፣ አንዱን ከሌላው መነጠል ሁለቱንም መጉዳት ነው የሚል ነበር። ዛሬ ቀላል የሚመስለው ይህ ሐሳብ ያን ጊዜ ብዙዎችን የሚያስኮርፍ ነበር።

ወቅቱም እየጨለመ ሄደ። በ1938 እንግሊዝ የኢጣልያን ግዛት አወቀች፤ በዚያው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በስደት ባዝ ከተማ ሞቱ። አሜሪካ ለወረራው ዕውቅና ባትሰጥም የምትረዳው ነገር አልነበረም። በሴፕቴምበር 1939 የአውሮፓ ጦርነት ሲጀመር ኢጣልያ ከዳር ቆመች፤ እሷን ላለማስቀየም የኢትዮጵያን ስም የሚያነሣ መንግሥት ጠፋ። አገር ቤት አርበኛው በየዱሩ ይዋደቃል፤ ሃርለም ውስጥ ደግሞ አንድ ሐኪም ቤት ለቤት እየሄደ ደጅ ያንኳኳል። ቤት ለቤት እየዞሩ ሲቀሰቅሱ የሳንባ ምች ያዛቸውና ሜይ 4 ቀን 1940፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ላይ ዐረፉ። አርባ ዓመት ከጥቂት ቀን ነበራቸው። ያን ጊዜ ፔኒሲሊን ገና በሐኪም እጅ አልገባም ነበር፤ የሳንባ ምች ጎልማሳ ሰው ይገድል ነበር።

በሠላሳ ሰባተኛው ቀን፣ ጁን 10 ቀን 1940፣ ኢጣልያ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ገጠመች። አራት ዓመት የተዘጋው በር ተከፈተ። ንጉሠ ነገሥቱ ካርቱም ገቡ፤ በሚቀጥለው ጃኑዋሪ ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ልክ ጠላት በገባበት ቀን በአምስተኛ ዓመቱ አዲስ አበባ ገቡ። ዶክተር መላኩ ከሞቱ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ሆኗቸው ነበር።

ከእሳቸው በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። ጋዜጣውም ፌዴሬሽኑም ከእሳቸው ሞት በኋላ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከድል በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለፌዴሬሽኑ አባላት ሻሸመኔ አጠገብ መሬት ሰጡ፤ ከካሪቢያንና ከአሜሪካ የመጡ ቤተሰቦች እዚያ ሰፈሩ። ጆን ሮቢንሰን በ1944 ተመልሰው አብራሪዎች አሠለጠኑ፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞተው አዲስ አበባ ተቀበሩ። ፕሮፌሰር ሃንስቤሪ በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጣቸው። አንድ ተማሪ ሃዋርድ ግቢ ውስጥ ያበጀው ወዳጅነት ከመሞቱ በኋላ ብዙ ዓመት ፍሬ አፈራ።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ዶክተር መላኩ በጥቁር አንበሳ ሚዛን ወድቀው ነበር ወይ? እኔ አይመስለኝም። ያ አንቀጽ የተጻፈው ጠመንጃ ይዘው ጫካ ለገቡ ወጣቶች ነው፤ ለእነርሱ መሰደድ ባልንጀራን ጥሎ መሄድ ነበር። የቃሉ ፍሬ ነገር ስትፈለግ ከምትፈለግበት ቦታ አትጥፋ የሚል ነው። ዶክተር መላኩ በ1935 የሚፈለጉት ኦጋዴን ነበር፤ ተገኙ። በ1936 የሚፈለጉት ሃርለም ነበር፤ ተገኙ። የነቀምቴው ወጣት ሕይወቱን በአንድ ቀን ሰጠ፤ የሃርለሙ ሐኪም በሦስት ዓመት ተኩል ምሽቶች ከፋፍለው ሰጡ። ሁለቱን ማበላለጥ የእኛ ሥራ አይደለም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የምንችል ይመስል የነቀምቴውን ቃል በኒው ዮርክ አዳራሽ መናገራችን ግን ሊያሳስበን ይገባል።

ምክንያቱም ለአገሬ እሞታለሁ የሚል ቃል ከባሕር ማዶ ሲነገር ዋጋውን የሚከፍለው ተናጋሪው አይደለም። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ወቅት በየወገኑ በውጭ አገር አደባባዮችና አዳራሾች የተሰማው ፉከራ ትዝ ይለናል። የፎከረው ሰው ሰኞ ጠዋት ሥራው ገባ። የሞተው በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ምድር የነበረው ወጣት ነው። ማን ትክክል ነበር ለሚለው ክርክር ሌላ ቦታ አለ፤ እዚህ የማነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሌላ ሰው ልጅ ሕይወት የሚከፈል ቃል ኪዳን የአርበኞች ቃል ኪዳን አይባልም። አርበኛው የገባውን ራሱ ከፈለ፤ ዶክተር መላኩም እንዲሁ።

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። በእኛ ሥራ አንድ ሰው ስሙን ንድፍ ላይ ሲፈርም ትልቅ ነገር እናገራለሁ ብሎ አይደለም። ይህ ምሰሶ ይህን ያህል ክብደት ይሸከማል፣ ካልተሸከመ ተጠያቂው እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ቁጥር የሌለው ፊርማ ዋጋ የለውም። የመታሰቢያ በዓል ቃል ኪዳንም እንዲህ ቢሆን እመኛለሁ። ተሰብሳቢው ሲነሣ፣ እሞታለሁ ከማለት ይልቅ እያንዳንዱ እስከሚቀጥለው ሚያዝያ የሚሠራትን አንዲት ሥራ ቢናገር ምን ይጎድልብናል? አንዱ በየቅዳሜው ልጆች ፊደል አስተምራለሁ ይበል። ሌላዋ አዲስ ለመጣ ስደተኛ ፎርም እሞላለሁ፣ ሐኪም ቤት አብሬ ሄጄ አስተረጉማለሁ ትበል። በቤይሩት ወይም በሪያድ ለተቸገረች እህት የአውሮፕላን ቲኬት የሚያዋጣ ይኑር። የእርስ በርስ ጥላቻ የሚዘራ ወሬ አላስተላልፍም የሚል ይኑር፤ ይህ ከሁሉም ሳይከብድ አይቀርም። በዓመቱ ሲገናኙም ከፉከራው በፊት ማን ምን አደረገ ተብሎ ይጠየቅ።

ሌላም ትምህርት አለ። ዶክተር መላኩ የአገራቸውን ጉዳይ በአገራቸው ልጆች ብቻ አልዘጉትም። ዛሬ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ከጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ ሰፈር እየኖርን፣ ልጆቻችን በአንድ ክፍል እየተማሩ፣ በዓላችንን ለብቻችን እናከብራለን። ለኢትዮጵያ ሲሉ ከድህነታቸው ያዋጡት የሃርለም ሰዎች የልጅ ልጆች የእኛ ጎረቤቶች ናቸው። በአርበኞች ቀን የመጀመሪያው ረድፍ ላይ አንድ ወንበር ቢያዝላቸው ዕዳ መክፈል እንጂ ውለታ መዋል አይሆንም።

ዶክተር መላኩ ድሉን አላዩም። ሲሞቱ ኢትዮጵያ ነፃ እንደምትወጣ የሚያረጋግጥ አንድም ምልክት አልነበረም። ቢሆንም ጋዜጣው በየጊዜው ወጣ፤ ደረሰኙ ተቆረጠ፤ ደጁ ተንኳኳ። ሚያዝያ 27 በአዳራሻችን ለአርበኞቹ የኅሊና ጸሎት ስናደርግ፣ በዋዜማው ለሞተው ለዚያ ሐኪም፣ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ዶርቲና ኢትዮጵያን ሳያዩ ለኢትዮጵያ ቃል ለገቡት የሃርለም ሰዎች ጥቂት ሰከንድ እንጨምር። ከዚያም ቃል እንግባ፤ የምንችለውንና የምንከፍለውን ብቻ።